ሃያ ደቂቃ ሳይነቃነቁ

ካፒቴኑን የተውናቸው በገዛ መኪናቸው ውስጥ ተቆልፈው ነበር። አሁን ወጥተዋል፤ ማንም አይጨነቅ። ያስወጣቸው ግን በሩ ሳይሆን መስኮቱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አውሮፕላን ያበረሩ፣ ከደረጃ በቀር በሌላ ነገር ወርደው የማያውቁ ሰው፣ በእሑድ ቀን፣ በሙሉ ልብስና በክራቫት፣ ሰፈር ሙሉ እያያቸው የአንድ በያጅ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ወረዱ። በያጁ የወጌሻዋ አባት ነበር። ተገንጥሎ እጃቸው ላይ የቀረው የበር መክፈቻ ደግሞ የወጌሻዋ ሥራ ነበር።

ወጌሻ ያሏት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። የሰው አጥንት ነክታ አታውቅም። እሷ የምትጠግነው ከእሷም ከአባቷም ዕድሜ የሚበልጡ መኪናዎችን ስብርባሪ ነው፤ የበር መክፈቻ፣ የመስኮት ማዞሪያ፣ የመብራት ክፈፍ። እነዚህ ዕቃዎች በዘመናቸው የተሠሩት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ለስላሳ ብረት ስለሆነ፣ የብየዳ እሳት ሲነካቸው እንደ ሻማ ይሟሟሉ። መለዋወጫቸውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የቀራቸው መድኃኒት ኢፖክሲ ነው፤ ከሁለት ቱቦ እኩል እኩል ተጨምቆ የሚደባለቅ፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ። ሰው ሙጫ ሲባል ይስቃል። ወጌሻዋ የሚስቅ ሰው ሲገጥማት አትከራከርም፤ ከሠራቻቸው አንዱን ታቀብለውና "እስቲ ስበረው" ትለዋለች። እስከዚያ እሑድ ድረስ የሰበረ ሰው አልነበረም።

ካፒቴኑ ያን ቀን የመጡት ለመኪና ጉዳይ አልነበረም። አንድ ልጃቸው፣ የመሬት ቀያሹ፣ የመኪናዋን የተሰበረ ክፈፍ ይዞ ጋራዡን ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ "እወዳታለሁ" ሲላቸው፣ እሳቸው "የበያጅ ልጅ!" ሲሉ፣ እሱ ዝም ሲል፣ ደግሞ እንደገና ሲጀምር ከርሞ ነበር። በመጨረሻ "እሺ፣ ሄጄ አባቷን አነጋግራለሁ" አሉ። ለክብር ብለው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸውም በሩን ከውስጥ ቆለፉ። በዚያች አሮጌ መኪና የሚቆልፈውም የሚከፍተውም ያው አንድ መክፈቻ ነው። ጋራዡ ደጅ ሲደርሱ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ግድግዳ ተጠግታ ቆመች። ካፒቴኑ መክፈቻውን ሳቡት። መክፈቻውም እሺ ብሎ መጣ፤ በሩ ብቻ ቀረ።

ከመስኮቱ ከወረዱ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ኮታቸውን እያራገፉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ሥራዋ እንዲህ ከሆነ፣ ቃሏስ?" አሉ። ከዚያም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሄዱ። ቀያሹ መሪውን ሲያዞር በመስታወቱ አሻግሮ አያት። ምን እያላት እንደነበር ወጌሻዋ ሁለት ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። አላገኘችውም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ከበሩ ሆኖ ጮኸ።

"ወጌሻ! ፖስታ አለሽ! ከባድ ነው፤ ወይ ፍቅር ነው ወይ ድንጋይ!"

"አምጣው።"

"መጀመሪያ ፈገግ በይ።"

"አምጣው አልኩህ።"

አመጣው፣ አስቀመጠው፣ ግን አልሄደም። ሰውዬው ሰፊ ነው፤ ሲቆም ብርሃን ይጋርዳል። ወጌሻዋ ፖስታውን ቀደደችው። የመክፈቻው ስባሪ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ከሥሩ ሁለት ወረቀት። አንዱ በካፒቴኑ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ነበር።

"ለጋራዡ ባለሙያ። የሠራሽው ዕቃ እጄ ላይ ስለቀረ መልሼልሻለሁ። ሙጫ ለወረቀት ነው ስለው ልጄ ተከራክሮኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ያላመንኩትን ዕቃ ይዤ አንድም ቀን ከመሬት አልተነሣሁም። ከእንግዲህም የምነሣ አይመስለኝም።"

መክፈቻ ስለሚባል ነገር እንዳልጻፉ ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠችው። የቀያሹ ነው። አራት ገጽ ካልጻፈ እጁ የማይፈታ ሰው፣ ኅዳጉን በማስመሪያ ለክቶ፣ "ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንቺን ባየሁበት ሰዓት ጥላሽ ሁለት ሜትር ከአሥር ነበር" ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሦስት መስመር ልኳል።

"እባክሽ ወደ ቤት እንዳትመጪ። ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ረቡዕ እመለሳለሁ። ያኔ እናወራለን።"

"ምን አለ?" አለ ጎሚስታው።

"ምንም።"

"ምንም ለማለት ነው ሁለት ወረቀት?" አለና ፊቷን ሲያይ ድምፁን ቀነሰ። "ስሚ፣ ጎማም እኮ ይፈነዳል። ስንቱ የጠገንኩት ጎማ መንገድ ላይ ፈንድቷል። አንድም ቀን አላለቀስኩም።"

"እኔስ አለቀስኩ?"

"አላልኩም። ቀድሜ ላጽናናሽ ብዬ ነው።"

አባቷ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ። ስለ ወረቀቶቹ አልጠየቀም። ስባሪውን አነሣና በመዳፉ መዘነው። "ብየዳ ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረ።

"አባዬ፣ ይሟሟላ።"

"አውቃለሁ፤ ለወሬ ያህል ነው" አለና መልሶ አስቀመጠው። "አንቺ እጅ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እስቲ እዪው።"

ትክክል ነበር። ስትናደድ ረስታው እንጂ፣ የተሰበረ ነገር ሲመጣላት መጀመሪያ የምታደርገው ማየት ነው። ማጉያ መነጽሯን አደረገችና ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ራሱ ሙጫው ተሰብሮ ቢሆን፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ፣ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ሻካራ ሆኖ ይገኝ ነበር። ይህ ግን እንደዚያ አይደለም። የብረቱ ፊት ያበራል። ሙጫ የሚባል ነገር አልነካውም፤ ወጌሻዋ የራሷን ዓይን አየችበት። ከጠርዙ ሥር ደግሞ በመርፌ ጫፍ ስትጭረው አንዲት ነጭ ፍርፋሪ ወጣች። አሸተተቻት፤ የመኪና መወልወያ ቅባት።

እሷ ይህን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቃዋለች። ሐሙስ ዕለት፣ በገዛ እጇ፣ አቧራው እስኪቦንን። ሙጫ ጥፍር የለውም፤ የሚቆነጥጠው ጭረት ካላገኘ ይንሸራተታል። ፍቃ፣ በአሴቶን አጥባ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ወጣች። ስትመለስ ቀያሹ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱን ስባሪ ይዞ፣ ያ ከኪሱ የማይለየው ቢጫ ጨርቅ በእጁ።

ያን ጨርቅ ታውቀዋለች። ቀያሹ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን መኪና በእሱ ሲወለውል ነው ያደገው። ሰው ሲያስብ ጺሙን እንደሚዳብስ፣ እሱ ሲያስብ ያገኘውን ነገር ይወለውላል። የሞረዷን እጀታ ወልውሎላታል። የጋራዡን የበር ቁልፍ ወልውሏል። አንድ ቀን ጎሚስታው "ራሴ ላይም ፀጉር የለም፤ ና ጀምር" ብሎት ነበር። እሷ ይህን ልማዱን ትወደው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ገና ከደጅ ስትገባ፣ "አባቴ እሑድ ይመጣሉ" አላት። እሷም ሙጫውን ስትደባልቅ እሱን እያየች፣ ስትቀባ እሱን እያየች፣ ስባሪዎቹን ስታገጥም እሱን እያየች ጨረሰች። ውስጡ ታስገባ የነበረውን ትንሽ የብረት ካስማ እንኳ "ይቅር፣ ይበቃዋል" ብላ ተወችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ዕቃውን ሳታይ ያጣበቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተደሰተ ምን እንደሚያደርግ ግን የተተረተ የለም።

ማጉያውን አወለቀች። በራሷ ተናደደች፤ ለዚህ ንዴት ቦታ አላት፣ ልምድም አላት። ግን ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጥፋቱ የጨርቁ መሆኑን አውቆ ይሆን? አውቆ ይሆን "አትምጪ" ያላት? እሷ በሰፈር ሁሉ ፊት "ቃሏስ?" ስትባል፣ እሱ መሪውን ያዞረው እያወቀ ይሆን?

ሦስቱን መስመር እንደገና አነበበቻቸው። ቢያንስ አንድ መስመር ቢጨምር ምን ነበረበት? ደረቷ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ገባና ቁጭ አለ፤ እንግዳ መሆኑን ረስቶ።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ የታጠበ ቱታዋን ለበሰች፤ የሥራ ሳጥኗን አነሣች።

"ቀሚስ ልበሺ እንጂ" አለ አባቷ።

"ለሥራ ነው የምሄደው።"

"ካፒቴኑ ቤት? ለሥራ?"

"ለሥራ፣ አባዬ።"

ጓንቱን አወለቀ። "ልከተልሽ?"

"አንተ ደግሞ! ሰው በመስኮት ማውጣት ልማድ አደረግኸው?"

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቁ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሸኛት። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ነበረች፤ ግን እርምጃዋን አልቀነሰችም። የት እንደምትሄድ፣ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግማሽ መንገዱን ቆሞም ሄዶታል።

በሩን የከፈቱት ካፒቴኑ ራሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ከኋላቸው ያለው ኮሪደር ያንጸባርቃል፤ የጫማዎቹ ተርታ፣ የግድግዳው ሰዓት፣ የበሩ እጀታ፣ ሁሉም ያበራል። በቤቱ ውስጥ ያላበራ ነገር ቢኖር የሰውዬው ፊት ነው።

"ልጄ የለም" አሉ።

"ደህና አረፈዱ፣ ካፒቴን። ለእሱ አልመጣሁም። ለመክፈቻው ነው።"

"መክፈቻውን ልኬልሻለሁ።"

"ግማሹን ነው የላኩልኝ። ግማሹ በሩ ላይ ነው ያለው።"

ካፒቴኑ ተመለከቷት። መልስ የጠፋቸው ሰው አይመስሉም ነበር፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ያስቸገራቸው ሰው እንጂ። ከበሩ ገለል አሉ።

መኪናዋ ከቤቱ ጎን፣ ጣሪያ ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ቆማለች፤ የወተት መልክ፣ ክብ ክብ መብራት፣ እንደ ተኳለች ሴት። ወጌሻዋ በሌላው በኩል ገብታ፣ ከተቆለፈው የኋላ በር ሁለት ብሎን ፈታችና በሩ ላይ የቀረውን ግማሽ አወጣች። ሙጫው በሙሉ እሱ ላይ ቆሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጋዜጣ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ማጉያውንም ለካፒቴኑ አቀበለቻቸው።

"አልተሰበረም" አለች። "መጀመሪያውኑ አልያዘም። ይመልከቱት።"

ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። አንድ መሣሪያ ምን እንደሚናገር ማንበብ የለመደ ዓይን ነው።

"ይሄኛው ፊት ያበራል።"

"ማብራት አልነበረበትም። ተፍቆ ነበር። ሙጫ የሚቆነጥጠው ሻካራ ካላገኘ፣ ከላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይገባም።"

"ማነው የወለወለው?"

 ወጌሻዋ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ብታወጣት ሥራዋ ይነጻል፤ እሑድ የሰማው ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ልጃቸው ግን በአባቱ ፊት፣ እሱ በሌለበት፣ በእሷ አፍ ይወድቃል። አውቆ ዝም ካለ ይገባዋል፣ አለች አንዷ ልቧ። እሱ ራሱ ይንገራቸው፣ አለች ሌላዋ።

"ያጣበቅሁት እኔ ነኝ" አለች። "ከማጣበቄ በፊት ማየት የእኔ ሥራ ነበር። አላየሁም። ካስማም ማስገባት ነበረብኝ፤ ቸኩዬ ትቼዋለሁ።"

"የጠየቅሁሽ ሌላ ነው።"

"የመለስኩልዎት የእኔን ድርሻ ነው።"

ካፒቴኑ ማጉያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "መካኒኩ ፈርሞ ቢሰጥህም፣ ከመነሣትህ በፊት አውሮፕላኑን ዞረህ የምታየው አንተ ነህ" አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለድሮ ተማሪዎቻቸው አልለየም። "ያላየ አብራሪ፣ ማንም ያጥፋ ማን፣ ጥፋተኛው እሱ ነው።"

"እንግዲያው ተግባብተናል" አለች ወጌሻዋ። "አሁን እርስዎ እያዩ ልሥራው። ጋራዥ ወስጄ ባመጣው በሌላ ቀየረችው ይሉኛል።"

"አልልም።"

"አሁን አይሉም። እሑድ ዕለት ግን ይሉ ነበር።"

የካፒቴኑ ከንፈር ጥግ ተነቃነቀ፤ ፈገግታ ልትሆን አስባ የተወች ነገር። ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ።

ሠራች። አሮጌውን ሙጫ በሞረድ አነሣች፣ ሁለቱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ በአሴቶን አጠበች። በእጅ መሰርሰሪያ በሁለቱም ወገን ጠባብ ቀዳዳ አወጣች፤ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የቆረጠችውን ካስማ ለካች። ከሁለቱ ቱቦ እኩል ጨምቃ፣ በቀጭን እንጨት፣ መልኩ አንድ ዓይነት እስኪሆን አዋሐደች። ከማጣበቋ በፊት ሁለቱን ፊት ብርሃን ላይ ይዛ አየቻቸው። ለካፒቴኑም አሳየቻቸው። ካፒቴኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚህ ዕቃ ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ የለኝም፤ ቢኖርም ዕቃው ጠማማ ነው። በእጅ መያዝ አለበት። እርስዎ ያኛውን ጫፍ፣ እኔ ይሄኛውን። ሃያ ደቂቃ፣ ሳይነቃነቁ።"

"ብነቃነቅስ?"

"ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"

ያዙ። አራት እጅ በአንድ መክፈቻ ላይ፣ ጣቶቻቸው ተነካክተው፣ ግንባራቸው ሊጋጭ አንድ ስንዝር ቀርቶት። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሰውን መናቅም መፍራትም ከባድ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተ፤ ቀያሹ ገባ።

*

ጫማው አቧራ ለብሷል፤ የመለኪያው ባለሦስት እግር ትከሻው ላይ ነው። አባቱንና የሚወዳትን ሴት ጎንበስ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያይ፣ እግሩም አፉም ቆመ።

"አትነቃነቅ ብላኛለች" አሉ ካፒቴኑ፣ ራሳቸውን ሳያነሡ።

ቀያሹ ዕቃውን አስቀመጠና ቀረበ። ወጌሻዋ አላየችውም፤ ዓይኗ ከመክፈቻው ላይ አልተነሣም። አንድ ጊዜ ተምራለች።

"እንዳትመጪ ብዬሽ ነበር" አላት በቀስታ።

"ደርሶኛል። ሦስት መስመር።"

"የምሄድበት መኪና ደጅ ላይ እየጠበቀኝ ነው የጻፍኩት። አባባ የማይሆን ነገር እንዳይናገሩሽ ብዬ ነው።"

"እኔ ሰው ሰድቤ አላውቅም!" አሉ ካፒቴኑ።

"አባባ፣ እሑድ ዕለት...?"

"እሑድ ዕለት ክራቫቴ መስኮቱ ላይ ተይዞ ነበር!" ካፒቴኑ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጣታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ "ሰው እየሳቀ ነበር" አሉ። "ለአርባ ቤት ሰው መሳቂያ መሆን ቀላል መሰለህ?"

ወጌሻዋ እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብላ አላሰበችም። ተናደው የከረሙት ሰውዬ አፍረው እንደነበር ገባት። ሳቅ መጣባትና ዋጠችው፤ ከሳቀች እጇ ይነቃነቃል።

"ለምን እንደተሰበረ ታወቀ?" አለ ቀያሹ።

"ታወቀ" አሉ ካፒቴኑ። "አንድ ሰው የተፋቀውን ፊት ወልውሎታል። ሙጫው የሚይዘው አጥቷል። ማን እንደሆነ ብጠይቃት አልነግርም አለች፤ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ ጫነችው።"

 ወጌሻዋ የቀያሹ እስትንፋስ ሲቆም ሰማች። አሁን አየችው፤ አንዴ ብቻ፣ ቀና ብላ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ዓይኑ መጀመሪያ መክፈቻው ላይ፣ ከዚያ የገዛ እጁ ላይ፣ ከዚያ እሷ ላይ አረፈ። ይህ ፊት ሲደብቅ የኖረ ሰው ፊት አይደለም። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ያወቀ ሰው ፊት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ብርድ፣ ሳይሰናበት፣ ተነሥቶ ሄደ።

"እኔ ነኝ" አለ ቀያሹ።

"ምን አልክ?"

"እኔ ነኝ የወለወልኩት፣ አባባ። ተጫጭሮ አየሁት፤ ያሳዝን ነበር። እሷ እጇን ታጥባ እስክትመለስ እንዲያምርላት ብዬ..."  ወደ እሷ ዞረ። "ሦስት ቀን ተሰድበሽልኛል። እኔ ሜዳ ላይ ቆሜ ለአንቺ ሳዝን ነበር። ለአንቺ! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ?"

"ደንቆሮ አይደለህም" አለች። "የማታውቀውን ሥራ የነካህ ሰው ነህ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ሥራ ሳላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። የማንኛችን ይብሳል?"

"የእኔ።"

"እሺ፣ የአንተ ይሁን። አልከራከርም።"

ካፒቴኑ ሁለቱን እየተፈራረቁ አዩአቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከመኪናዋ ኮፈን እስከ ግድግዳው ቁልፍ፣ ያበራል። ማን ወልውል እንዳለ፣ ማንስ ጭረት ያለበት ነገር አትተው ብሎ እንዳሳደገ ካፒቴኑ ያውቃሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ለመዱት አዛዥነታቸው ተመለሱ።

"ይሁን። መቼ ነው የሚደርቀው?"

"ሃያው ደቂቃ ለመያዝ ነው። ጠንክሮ በር ለመክፈት ግን ነገ እስከ አምስት ሰዓት መቆየት አለበት።"

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ነገ አምስት ሰዓት ላይ ገጥመሽው እኔ ራሴ እስበዋለሁ። ከያዘ፣ ስለ ሁለታችሁ ጉዳይ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

ቀያሹ ትንፋሹን ለቀቀ። ለእሱ ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ እሑድ ተዘግቶ የነበረ ነገር ሊከፈት ነው። ወጌሻዋ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"አይሆንም፣ ካፒቴን።"

"ምን?"

"መክፈቻው ይይዛል። እርስዎ አይደሉም፣ ጎሚስታችን በሙሉ ክብደቱ ቢንጠለጠልበት ይይዛል። ስለ እሱ ምንም ጥርጥር የለኝም። ግን እኔ ልጅዎን የምፈልገው ዕቃ ስለያዘልኝ አይደለም። ነገ ቢወልቅም እፈልገዋለሁ። ከወለቀ ሥራዬን ይውቀሱ፣ ሌላ ሠሪ ይፈልጉ፤ መብትዎ ነው። እሱ ግን የዚህ ፈተና ሽልማት አይደለም። እኔም ለፈተና የመጣሁ ተማሪ አይደለሁም።"

ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን አላነሣችም፤ እጇም ፀጥ እንዳለ ነው። ከጣቶቿ ሥር ሙጫው ሙቀት ጀምሮታል፤ ሲጠነክር እንዲህ ይሞቃል። ካፒቴኑም ሙቀቱ የተሰማቸው ይመስላል፤ ወደ እጃቸው አዩ።

"ልጄስ?" አሉ። "እሱም እንዲሁ ነው የሚለው?"

 ወጌሻዋ ለራሷ መልስ ነበራት፤ ለእሱ ግን ልትመልስለት አትችልም። ቀያሹ ከመናገሩ በፊት የአባቱን ቅንድብ የሚያይ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ከተነሣ ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ ይተወዋል። ስንት ጊዜ አይታዋለች። አሁንም ካፒቴኑ ቅንድባቸውን አንሥተዋል። ዛሬም ከተወው፣ ነገ አምስት ሰዓት ላይ የሚይዘው መክፈቻ ብቻ ይሆናል።

ቀያሹ አባቱን አላያቸውም። እሷን ነው ያየው።

"አባባ" አለ፣ ከእሷ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ "እኔ ሥራዬ ድንበር ማስመር ነው። እስከዚህ የእርስዎ፣ ከዚህ ወዲያ የእሱ እያልኩ ችካል ስተክል እውላለሁ። በሰው መሬት ላይ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። በራሴ ነገር ላይ ግን አንዲት ችካል ሳልተክል ሠላሳ ዓመት ሞላኝ።" አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። "ይኸው ዛሬ እተክላለሁ። ስለ መኪናው ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ። በቤትዎ ልጅዎ ነኝ፤ ቢቆጡኝም ልጅዎ ነኝ። እሷን በተመለከተ ግን ነገን አልጠብቅም። ቢይዝም ቢወልቅም፣ ቢባርኩንም ቢቆጡም፣ እኔ የእሷ ነኝ። ይህን ቀድሜ፣ ከመክፈቻው በፊት፣ እሑድ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማለት ነበረብኝ። ዘግይቻለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስለ መዘግየቴ ብቻ ነው።"

 ወጌሻዋ ዓይኗ ሞላ፤ እጇ ስለተያዘ እንባዋን የሚጠርግላት አልነበረም። ወርዶ ጉንጯ ላይ ሄደ። አላፈረችበትም።

"ሰዓቱን ተመልከት" አሉ ካፒቴኑ በደረቀ ድምፅ። "አምስት ሰዓት ላይ ይሞላል፤ ስንት ቀረ?"

"ሦስት ደቂቃ።"

"ሦስት ደቂቃ" አሉ ካፒቴኑ። እንግዲህ መሄድ አይችሉም፤ እጃቸው ተይዟል። ከምትናገርና ከማትነቃነቅ ሴት ጋር፣ ከራሱ አፍ ራሱን ከሰማ ልጅ ጋር፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቆመው መዋጥ ነበረባቸው። ዋጡ። በመጀመሪያው ደቂቃ መንጋጋቸው ጠጥሮ ነበር። በሁለተኛው ወደ ልጃቸው አዩ፤ ቀያሹ አልሸሻቸውም። በሦስተኛው ወደ እሷ አዩ፤ ጉንጯ ላይ ወዳለው እንባ፣ ከዚያ ወደ እጆቿ፣ ከእንባው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላቸው ጸጥ ብለው ወደቆሙት እጆቿ። ረጅም ጊዜ ያዩት እጆቿን ነው።

"ሞላ" አለ ቀያሹ።

"ካፒቴን፣ አሁን መልቀቅ ይችላሉ።"

ካፒቴኑ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አነሡ። መክፈቻው በወጌሻዋ መዳፍ ላይ ቀረ፤ አንድ ሆኖ። ጋዜጣው ላይ አጋደመችው። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ደርሰው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ።

"ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ" አሉ። "አባትሽም ይምጡ። ቁርስ አብረን እንበላለን።"

ወጌሻዋ ያልሰሙ መሰላት። "ካፒቴን፣ በሦስት ሰዓት ገና አይደርቅም። አምስት ሰዓት ነው ያልኩዎት።"

"ሰምቼሻለሁ" አሉ፤ "ሦስት ሰዓት ነው ያልኩሽ" ብለው በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ።

ወጌሻዋ ባለችበት ቀረች። ከቤት ስትነሣ ለስድብ የሚሆን መልስ ይዛ ነበር፤ ለንቀትም፣ ለዝምታም፣ "ከደጄ ሂጂ" ለሚል ቃልም። ለቁርስ የሚሆን መልስ ግን አላዘጋጀችም። ቀያሹ በሁለት እርምጃ ደርሶ አቀፋት። ፊቱን ፀጉሯ ውስጥ አደረገ፤ ደረቱ ሲመታ በራሷ ደረት ሰማችው። ሐዘን እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር። ደስታም ሰውን እንዲህ እንደሚያስደነግጥ፣ እንዲህ ባለበት እንደሚያስቀር፣ ማንም አልነገራትም ነበር።